ግዴታው የማን ነው?

(ድሬዳዋ ላይ ለተማሪ ወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት የከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም። ስለዚህ እኔም እንደ ቤተሰብ ነው የማወራችሁ።

የተጋበዝኩበት ጥያቄ አጭር ነው። ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የውጭ ቋንቋ እንዲማሩ ማስገደድ አለበት ወይ? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዎ፣ አለበት። ግን እስከዛሬ ያስገደድነው ልጁን ብቻ ነው። ልጁ ይማር፣ ልጁ ይፈተን፣ ልጁ ይውደቅ። ትምህርት ቤቱን "ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው አቅርብለት" ብሎ ያስገደደ የለም። ዛሬ የማነሳው ይሄንን ነው።

ከአባቴ ልጀምር። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፣ እዚሁ ከተማችን ባለው ወርክሾፕ። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ፈረንሳይኛ ግን ይናገር ነበር፤ ከጅቡቲ በኩል ከሚመጡት ጋር ሲያወራ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማው ነበር። ቋንቋውን የተማረው ከደብተር አይደለም። አለቃው የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራል። አባቴ ደግሞ መፍቻ ሲባል መዶሻ ይዞ ከሄደ ሥራው ይበላሻል፣ ብረቱም እግሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንደዚህ ሆኖ ሲሠራ ውሎ ሲሠራ ከርሞ በሦስት ዓመት ውስጥ አፉን ፈታ።

ይሄ የአባቴ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ የከተማዋ ታሪክ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲወጣ ነበር። ተራራው ወጪውን ስላከበደው መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፣ ድሬም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። መጀመሪያ ላይ "አዲስ ሐረር" ተብላም ነበር። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩ መጣ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ መጣ። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ የፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። ካርኒ ቁረጥልኝ ስንልም በእነሱው ቃል ነው። ጠረጴዛ ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው። ማንም ሚኒስቴር መመሪያ አላወጣም። ሥራው ነበር ያስገደደን።

ከዚያስ? አሮጌው መስመር እየደከመ መጣ፣ በመጨረሻም ቆመ። ፈረንሳይኛውም አብሮት ቆመ። እኔ የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ፣ ከሰላምታና እስከ ሃያ ከመቁጠር ያለፈ ፈረንሳይኛ የለኝም። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያደጉ ጓደኞቼም እንደዚያው ናቸው። ቋንቋው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከእጃችን ወጣ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ቋንቋ ሥራ ይፈልጋል። ሥራ ካገኘ ያለ አስተማሪም ይገባል፣ ሥራ ካጣ አዋጅም አያቆየውም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ እንምጣ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት እንዲወስዱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ሁሉንም ትምህርት በእሱ እንዲማሩ ተወሰነ። ስለዚህ "ግዴታ ይሁን ወይ?" የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ አዲስ አይደለም። ግዴታ ከሆነ ቆይቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረውን ልጅ ግን አንድ የውጭ አገር ሰው መንገድ ቢጠይቀው ጓደኛውን ወደፊት ይገፋል።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሀምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። ያ ዜና የወጣ ቀን ብዙዎቻችን ቤት ለቅሶ ነበር። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልላችሁም፣ ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። ነገር ግን የፊዚክሱም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን እናውቃለን?

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ገብቼ አስተምሬአለሁ። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጊዜውን በሙሉ ለተማሪዎቹ ባካፍል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰኮንድ ነው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖረን 3 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ። ይሄ እኔ ዝም ካልኩ ነው። እኔ ደግሞ ዝም አልልም፣ ግራመር አስረዳለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ስም እጠራለሁ። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ ከልጃችሁ አፍ የሚወጣው እንግሊዝኛ ስንት ቃል ነው? ብዙ ሳምንት ላይ ምንም። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። መናገርን የሚፈትን የለም። የማይፈተን ነገር ማን ያስተምራል?

ታላላቆቻችን ለምን ከእኛ የተሻለ ተናገሩ? ብዙ ሰው "የድሮ ትምህርት" ይላል። እኔ ምስጢሩ ሌላ ይመስለኛል። በንጉሡ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ አሜሪካኖችም መጡ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አያውቁም፣ ቢያውቁም ጥቂት ነው። ተማሪው ሽንት ቤት ልሂድ ለማለት እንኳ እንግሊዝኛ ያስፈልገው ነበር። ቋንቋው ሥራ ነበረው።

ፕላዝማው፣ ያ የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሲመጣ የሆነውን ደግሞ ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ጥራት ያለው እንግሊዝኛ በሳተላይት ወደ ክፍላችን ገባ። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንም አፉን ሳይከፍት "ቬሪ ጉድ" ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ቀና ብለው ያዩኛል። እኔም ልገባ ስል ትምህርቱ አልፏል። የማይሰማችሁን ሰው እስከመቼ ታናግራላችሁ?

የራሳችንን ነገር ስንረሳ ያሳዝነኛል። እዚህ አገር ባዕድ የሆነ ቋንቋን አሳምሮ የማስተማር ልምድ ለብዙ መቶ ዓመታት ነበር። የቅኔ ቤትን አስቡት። ግዕዝ የማንም የቤት ቋንቋ አይደለም። ተማሪው ግስ ይማራል፣ ሰዋስው ይማራል፣ ግን በዚያ አያበቃም። የራሱን ቅኔ መቁጠር አለበት። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቀን ሲያሰላስል ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል፣ በነጋታው አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ የለም። ግዴታ ማለት እንዲህ ነው። ተማሪው ሠርቶ ማምጣት አለበት፣ መምህሩም ቁጭ ብለው መስማት አለባቸው። ግዴታው በሁለቱም ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ከኋላ ትቀመጣለች። ስጠይቃት ዝም። ደጋግሜ ስጠይቃት ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ስለ እሷ "ለቋንቋ ዝንባሌ የላትም" ብዬ ጻፍኩ። በእጄ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ ዕለት ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። እናቷ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እሷ አጠገቧ። አንዲት ሶማሌ እናት መጣች። "ዋ ኢሚሳ?" ስንት ነው ማለቷ ነው። ልጅቷ ቀና ሳትል "ሊሕደን" አለች፣ ስልሳ። ሴትዮዋ "ዋ ቃሊ!" አለች፣ ውድ ነው። ልጅቷ የሽንኩርቱን ልጣጭ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ደረቁን አሳየቻት። ክርክሩ ሳያልቅ ከወዲያ አንድ ገበሬ "ሜቃ?" አለ፣ ለእሱ ደግሞ በኦሮምኛ "ጃተማ" ብላ መለሰች። ሰውየውም "ቃሊ" አለ። ያቺ ቃል ከዓረቡ "ጋሊ" የመጣች ናት፣ ሶማሌውም ኦሮሞውም ለየራሱ አድርጓታል። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ በአማርኛ "ዝርዝር አለሽ?" አለች። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ጥግ ላይ ፌስታሌን ይዤ ቆምኩ። "ዝንባሌ የላትም" ያልኳት ልጅ ናት።

ሰኞ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ይዤ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩትና እሷን ጠራኋት። ሐው ማች ኢዝ ዚስ? አልኳት። ዝም አለች። ክፍሉ ሊስቅ ሲል "ሲክስቲ" አለች። ኢትስ ኤክስፔንሲቭ፣ አልኳት። "ኖ! ጉድ አኒየን። ሉክ። ድራይ።" ልጣጩን እንደ ቅዳሜው በአውራ ጣቷ ገፋችልኝ። ዝም ስላት "ቱ ኪሎ፣ ዋን ሀንድረድ ቴን" ብላ ዋጋ ቀነሰችልኝ። እኔ ያላስተማርኳት ድርድር ነው። ግሱ የለም፣ ሰዋስው የለም፣ ንግድ ግን አለ። በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ቻለች አልላችሁም። ዓመቱ ሲያልቅም ነጥቧ መካከለኛ ነበር። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ታወጣ ነበር። የጻፍኩትን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሳ፣ ምክንያቱም በቁም ነገር የሚነሱ ናቸው።

አንዱ "ለፈለገ ብቻ ይሁን፣ ምን አስገደደን" የሚል ነው። ጥሩ ይመስላል። እንግሊዞች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋን ግዴታ መሆኑን አነሱት። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚፈተነው ተማሪ ቁጥር በጣም ወረደ። የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ያሉት ግን ከሌላው በተሻለ ቀጠሉበት። እኛም ጋ ብናደርገው የሚሆነው ይኸው ነው። ገንዘብ ያለው ልጁን ለቋንቋ ብሎ በውድ ያስተምራል፣ የገንደ ቆሬ ሰፈሩ ድሃ ልጅ "አልፈለገም" ይባላል። ያልቀረበለትን ነገር እንዴት ይፈልጋል? እኔ ግዴታውን የምደግፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ግዴታ ለድሃ ልጅ ከለላ ነው።

ሌላው "ስልኩ ይተረጉም የለ እንዴ" የሚለው ነው። ይተረጉማል። ለአማርኛም እየተሻለው ነው። ግን ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስልክ አውጥቶ ማን ተቀጠረ? ይሄን በዚህ ልለፈው።

ሦስተኛው ከባድ ነው። "ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሳያነብ ለምን በሌላ ይጨናነቃል?" እውነት ነው፣ እስማማለሁ። መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ማንበብ አለበት። ድሬዳዋ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይሰጣል። ሐረር ደግሞ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፣ መነካት የለበትም። ግን እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች ይሄን ሀብት አናውቀውም። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

(እዚህ ላይ ሰሌዳው ላይ የላቲኗን ኤክስ ጻፍኩ።)

ይቺን ፊደል እዩአት። በእንግሊዝኛ "ክስ" ነች። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ "ጥ" ነች። ሶማልኛም በላቲን ነው የሚጻፈው፣ እዚያ ደግሞ "ሐ" ነች። በአማርኛ የተማረው ልጅ ፊደል ውስጥ ጭራሽ የለችም፣ ለእሱ ሂሳብ ላይ ስህተት ማለት ናት። አሁን አራቱም ልጆች... ይቅርታ፣ ሦስቱም ልጆች ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሳጥን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል "ቦክስ" ብሎ እንዲያነብ ሳዘው አንዱ "ቦጥ" ይለኛል፣ አንዱ "ቦሕ" ይለኛል። እኔ ዓመታትን "ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል" ስል ኖርኩ። ልጁ አልተሳሳተም። በተማረው ሕግ በትክክል ነው ያነበበው። "ያንተ ፊደል እዚህ ቤት ስሟን ትቀይራለች" ቢባል በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። ግን ያን ለማለት አስተማሪው ቁቤውንም የሶማልኛውንም ፊደል ማወቅ አለበት። እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ያስተማሩኝም ተማሪዎቼ ናቸው።

ይሄ ወደሚቀጥለው ነገሬ ይወስደኛል። እዚህ ከተማ ላይ "የውጭ ቋንቋ" ከሚለው በፊት የጎረቤት ቋንቋ አለ። በአማርኛ ክፍል ተምሮ የጨረሰ ልጅ ኦሮምኛ ሰላምታ እንኳ ሳይችል መውጣቱ አሳፋሪ ነው። የኦሮምኛ ክፍሉም ልጅ ሶማልኛን፣ የሶማልኛውም አማርኛን እንዲሁ። የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሁሉ የሚሰማውን ቋንቋ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ስንገባ እንዘጋዋለን። ግዴታ ይሁን ካላችሁኝ እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ፤ የራሱን ማንበብ፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ እንግሊዝኛን ተናግሮ። ሁለተኛ ቋንቋ የለመደ አእምሮ ለሦስተኛው አይደነግጥም፤ የቀፊራዋን ልጅ አይተናል።

ከእንግሊዝኛ ሌላስ? ጅቡቲ በባቡር ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። እዚያ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። አዲሱን ባቡር ቻይናዎች ሠሩት፣ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ወጣቶቻችንም ሥራ ላይ ቻይንኛ መልቀም ጀምረዋል። እንደ አባቴ ማለት ነው። በርቱ እላቸዋለሁ። ለትምህርት ቤት አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ዓረብኛን ነው የምለው። ምክንያቴ ንግድ አይደለም። ከዚህ ከተማና ከዙሪያው ስንት እህት ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፈረመችበትን ወረቀት አታነብም። "አሞኛል" ማለት አትችልም። "ደሞዜ ሦስት ወር አልተከፈለኝም" ማለት አትችልም። ቋንቋውን ስትችል ተመልሳ ትመጣለች፤ የቻለችው ደግሞ በልቅሶ ነው። መድረሳ ያለፉ ልጆች ፊደሉን ያውቁታል፣ ማንበብም ይችላሉ፤ የጎደለው መናገሩ ነው። ይሄን ለሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም ልጅ እንደ ዓለማዊ ቋንቋ ብናስተምር ምን ይከብደናል?

ታዲያ ትምህርት ቤቱን በምን እናስገድደው? እንደ ወላጅ ስትመጡ ካርዱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። "ልጄ በዚህ ሳምንት በእንግሊዝኛ ስንት ደቂቃ ተናገረ?" ብላችሁ ጠይቁን። እኔንም ጠይቁኝ። ስልሳው ተማሪ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢነጋገር የእያንዳንዱ ድርሻ ከ40 ሰኮንድ ወደ 20 ደቂቃ ይወጣል፣ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ክፍሉ ይንጫጫል። ርዕሰ መምህራን፣ እባካችሁ ያን ጫጫታ ሰምታችሁ በር አታንኳኩ። ከነጥቡም የተወሰነው ለንግግር ይሁን። ልጁ አስተማሪው ፊት ቁጭ ብሎ ይናገር፣ እንደ ቅኔ ቤቱ። አስተማሪው ራሱ መናገር የማይደፍር ከሆነም ይሠልጥን፣ ይህንን ጥያቄ ለመንግሥት አብረን እናቅርብ። መምህር ስለሆንኩ አይደለም የምከላከልለት፤ ማንም ያላናገረውን ሰው "አናግር" ብለን ነው የላክነው።

ጥያቄ ስንቀበል አንድ አባት ከኋላ ተነስቶ "እኔ በምን ልርዳው? የማውቀው ቋንቋ የለም" አለኝ። የት ነው የምትሠራው ስለው ለሃያ ስምንት ዓመት ምድር ባቡር ሠርቻለሁ አለ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡለት። እንደሱ ምድር ባቡር የሠራችሁ ስማችሁን በር ላይ ላለችው ልጅ አስመዝግቡ። ሐሙስ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ክፍሉን ክፍት አደርጋለሁ። የመሣሪያዎቹን ስም እንደዚያ ዘመኑ በፈረንሳይኛ ንገሩልን፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ቁልፍም መፍቻም ቤት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ።